የማይሰበከው ክፍል፦ በመጋቢነት ውስጥ መንፈሳዊ ጥልቀትን ጠብቆ መቆየት

መጋቢ ብዙውን ጊዜ የሚደርቀው መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ ትቶ አይደለም፤ ከጉባኤው ሁሉ አብልጦ የሚያነበው እርሱ ሊሆን ይችላል። የሚደርቀው ያነበበው ሁሉ ወዲያው ለሌላ ሰው የሚሰጥ ነገር ስለሚሆንበት ነው። ምዕራፉን ሳይጨርስ የስብከት ርእስ ይወጣለታል። ብቻውን ሲጸልይ እንኳ አንደበቱ የጉባኤ መክፈቻ ጸሎት ይቀናዋል። ዝም ሲል የሽማግሌዎች ስብሰባ አጀንዳ ይመጣበታል። እንዲህ እያለ በእርሱና በእግዚአብሔር መካከል ብቻ የሚቀር ነገር አንድ በአንድ ያልቃል። ስብከቱ በልምድና በአንደበት ችሎታ ለጥቂት ዓመታት ሊሄድ ይችላል፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው፤ ድርቀቱን ከራሱና ከቤተሰቡ በቀር ቶሎ የሚያየው ሰው የለም።

ስለዚህ ከዚህ በታች የምናቀርበው ሁሉ የሚያርፈው በአንድ ነገር ላይ ነው፦ ወደ መድረክ የማይወጣ የሕይወት ክፍል ይኑርዎት፤ እርሱንም በሰዓት፣ በቦታና በሰው ይጠብቁት። ጳውሎስ ጢሞቴዎስን «ለራስህና ለትምህርትህ ተጠንቀቅ» ሲለው (1ኛ ጢሞቴዎስ 4፥16) ከትምህርቱ በፊት ያነሣው ሰውየውን ነው። የኤፌሶንን ሽማግሌዎች ሲሰናበትም (የሐዋርያት ሥራ 20፥28) ስለ መንጋው ከመናገሩ በፊት ለራሳቸው እንዲጠነቀቁ አዘዛቸው።

የጠዋቱ 45 ደቂቃ

በቀን 45 ደቂቃ ይመድቡ። የሚችል ይጨምር፤ ነገር ግን በየቀኑ የሚደረግ 45 ደቂቃ በሳምንት አንዴ ከሚደረግ 3 ሰዓት ይሻላል። ሰዓቱ ስልክ ከመነካቱ በፊት ይሁን። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሌሊት የገባን አንድ መልእክት፣ የታመመ ወይም ያኮረፈ ምዕመን ጉዳይ፣ ካነበቡ በኋላ ሐሳብ ወደ መፍትሔ ፍለጋ ይሄዳል፤ ከዚያ ደግሞ በቀላሉ አይመለስም። ስልኩ በሌላ ክፍል ይደር። የሚያነቡበት መጽሐፍ ቅዱስ የታተመ ይሁን። ለማንቂያ የጠረጴዛ ሰዓት ይበቃል።

ቦታው ስብከት ከሚያዘጋጁበት ወንበር የተለየ ይሁን። ሁልጊዜ በሚሠሩበት ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጡ እጅዎ ሳያስቡት ወደ ማብራሪያ መጽሐፉና ወደ ላፕቶፑ ይሄዳል። ቤቱ ጠባብ ከሆነ ወንበሩን ወደ ሌላ ግድግዳ ማዞር እንኳ ይረዳል።

45 ደቂቃውን እንዲህ ይከፋፍሉት፦ 5 ደቂቃ ዝምታ፣ 20 ደቂቃ ንባብ፣ 15 ደቂቃ ጸሎት፣ 5 ደቂቃ ማስታወሻ። ዝምታው የሚዘለል አይደለም። ሐሳብዎ የሚሮጥበትን ስፍራ የሚያውቁት በእነዚያ 5 ደቂቃዎች ነው፤ ከጸሎቱ እኩሌታ የሚሆነውም ከዚያ ይመጣል።

የሚያነቡት መጽሐፍ በዚያ ወቅት ከሚሰብኩት የተለየ መሆን አለበት። በጉባኤ የሮሜን መልእክት የሚያስተምሩ ከሆነ ጠዋት ኤርምያስን ወይም ማርቆስን ያንብቡ። ብዛቱ ከ10 እስከ 15 ቁጥር ይበቃል። መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ማንበብም ያስፈልጋል፤ በ66ቱ መጻሕፍት ያሉት ምዕራፎች 1,189 ስለሆኑ በቀን 4 ምዕራፍ የሚያነብ ሰው ከ300 ቀን ባነሰ ጊዜ ይጨርሳቸዋል። ይህን ግን ከሰዓት በኋላ ወይም ማታ ያድርጉት። በጠዋቱ ሰዓት ውስጥ ከገባ «የዛሬውን ጨረስኩ» የሚል የሥራ መንፈስ ይዞ ይመጣል።

ዘገም ያለ ንባብ

በ12ኛው መቶ ዘመን የነበረው፣ ካርቱስ የተባለው የካቶሊክ ምንኩስና ማኅበር መነኩሴ ጊጎ ይህን ንባብ በአራት ደረጃ አስቀምጦታል፦ ማንበብ፣ ማሰላሰል፣ መጸለይ፣ በእግዚአብሔር ፊት በጸጥታ መቆየት። በተግባር ክፍሉን ድምፅዎን አውጥተው በዝግታ አራት ጊዜ ያነባሉ። በመጀመሪያው ዙር ነገሩን መስማት ብቻ ነው። በሁለተኛው ልብዎን የያዘው ቃል ላይ ይቆማሉ። በሦስተኛው ስለዚያ ቃል ለእግዚአብሔር ይናገራሉ። ከአራተኛው በኋላ ዝም ይላሉ።

ልዩነቱ እንዲታይ ማርቆስ 6፥30–34ን እንውሰድ። ሐዋርያት ተመልሰው ያደረጉትንና ያስተማሩትን ሁሉ ለኢየሱስ ነገሩት። የሚመጣውና የሚሄደው ሰው ብዙ ስለነበር ለመብላት እንኳ ጊዜ አልነበራቸውም። እርሱም «እናንተ ራሳችሁ ብቻችሁን ወደ ምድረ በዳ ኑና ጥቂት ዕረፉ» አላቸው። በታንኳ ሄዱ፤ ሕዝቡ ግን በእግር ሮጦ ቀደማቸው፤ ኢየሱስም እረኛ እንደሌላቸው በጎች ስለነበሩ አዘነላቸው።

በሰባኪ ዓይን ሲነበብ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሦስት ነጥብ ይወጣዋል፦ አገልግሎት ያደክማል፣ ጌታ ወደ ዕረፍት ይጠራል፣ ርኅራኄ ዕረፍትን ይሻገራል። ነጥቦቹ እውነት ናቸው፤ አንባቢው ግን እስካሁን ከጌታ ጋር አልተነጋገረም። በሌላው መንገድ የሚያነበው ሰው «ሁሉ ነገሩት» ላይ ይቆማል። ሐዋርያት ሪፖርታቸውን ያቀረቡት ለኢየሱስ ነው። ያለፈው ሳምንት ሥራዬን ለማን ነገርሁ? ለሽማግሌዎች፣ ለባለቤቴ፣ በማኅበራዊ ሚዲያ ለማላውቃቸው ሰዎች። ለእርሱ ነግሬዋለሁ? ካልነገርሁት አሁን ልንገረው፦ የሄድሁበት ቤት፣ ያልተሳካው ሽምግልና፣ ስብከቱ ሲወደድልኝ የተሰማኝ። ከዚያ ጸሎቱ ራሱ መንገዱን ይዞ ይሄዳል። ምናልባት ወደ ሁለተኛው ቁጥር ሳይሻገር 20 ደቂቃው ያልቅ ይሆናል፤ ምንም አይደለም።

የስብከት ሐሳብ በመካከል መምጣቱ አይቀርም። ቢታገሉት ይበረታል። ከአጠገብዎ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ያስቀምጡ፤ ሐሳቡን በሁለት ወይም በሦስት ቃል ይጻፉና ወደ ንባቡ ይመለሱ። ወረቀቷን 45 ደቂቃው ከማለቁ በፊት አያንሷት።

የጠዋቱ ማስታወሻ ደብተር ደግሞ ከስብከት ደብተር የተለየ ይሁን፤ እዚያ የተጻፈ ነገር ቢያንስ ለ40 ቀን ወደ መድረክ፣ ወደ ማኅበራዊ ሚዲያ ወይም ወደ ምክር ክፍል አይውጣ። ይህ ደንብ መጀመሪያ ላይ ስስት ይመስላል። ሆኖም በእነዚያ ቀናት ውስጥ ሁለት ነገር ይሆናል፤ ከተጻፈው የሚበዛው ስሜት ብቻ እንደነበረ ይታወቃል፣ የቀረው ደግሞ የራስዎ ሕይወት ይሆናል። ያን ጊዜ ከተናገሩት ሰሚው ልዩነቱን ያውቀዋል።

ጸሎት፣ የጉባኤው ስም ሳይነሣ

ከ15ቱ ደቂቃ የመጀመሪያዎቹ 10 ስለ ቤተ ክርስቲያኒቱ ምንም የማይነሣባቸው ይሁኑ። ምስጋና፣ ንስሐ፣ ፍርሃት፣ ፍላጎት፤ እንደ ማንኛውም ክርስቲያን። መጀመሪያ ላይ የሚናገሩት ሊያጡ ይችላሉ። ብዙ መጋቢዎች ከአገልግሎታቸው ውጪ ለእግዚአብሔር የሚነግሩት እንደሌላቸው የሚያውቁት በእነዚህ ደቂቃዎች ነው። ያን ባዶነት በስም ዝርዝር ለመሙላት አይቸኩሉ።

የማማለድ ጸሎት የራሱ ሰዓት ይኑረው፤ ዝርዝሩም ይከፋፈል። 140 ምዕመናን ካሉዎት በቀን 5 ስም ቢይዙ በ28 ቀን ሁሉንም ያዳርሳሉ። «ጉባኤውን ባርክ» ከሚል የጅምላ ጸሎት ይልቅ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር የተሻለ ነው፤ ለሰዎቹ ያለዎትን ፍቅርም ይጠብቃል። የሚያስቸግርዎትን ሰው ስም ከዝርዝሩ አይዝለሉት። በየ28 ቀኑ ስሙ ሲመጣ የሚሰማዎት ነገር እየለዘበ ወይም እየከረረ መሄዱን ያስተውሉ።

አንድ መለኪያ ይኸውና፦ በሰው ፊት የሚያደርጉት ጸሎት እየረዘመ፣ የግል ጸሎትዎ እያጠረ ከሄደ መታረም ያለበት አሁን ነው።

ቃል ሲጠፋ መዝሙረ ዳዊት አለ። ቀላሉ ዘዴ ቀኑን ተከትሎ በ30 እየጨመሩ አምስት መዝሙር ማንበብ ነው። ወሩ በገባ በ1ኛው ቀን 1፣ 31፣ 61፣ 91 እና 121ን፤ በ2ኛው ቀን 2፣ 32፣ 62፣ 92 እና 122ን፤ እንዲህ እያሉ በ30 ቀን 150ውን ይጨርሳሉ። አንድ ቀን ብቻ ይከብዳል፤ 176 ቁጥር ያለው ረጅሙ መዝሙር የሚውልበት። እርሱም በዕብራይስጡ አቆጣጠር 119ኛ ስለሆነ በ29ኛው ቀን፣ በሰባ ሊቃናት አቆጣጠር ግን 118ኛ ስለሆነ በ28ኛው ቀን ይደርሳል። ያን መዝሙር ለብቻው ወስደው በሳምንት ውስጥ ከፋፍለው ቢያነቡት ይሻላል። ከአምስቱ መዝሙሮች አንዱ ብዙ ጊዜ ከዕለቱ ስሜትዎ ጋር አይገጥምም፤ እርስዎ ደስ ብሎዎት ሳለ መዝሙሩ ያለቅሳል። ያን ጊዜ በጉባኤዎ ውስጥ የሚያለቅሰውን ሰው አስበው ስለ እርሱ ይጸልዩት።

ስብከቱ መጀመሪያ ሰባኪውን ያግኘው

ለስብከት ዝግጅት የሚውለው ሰዓት ጥሞናን አይተካም፤ እርሱም ቢሆን ግን ደረቅ ሥራ መሆን የለበትም። የሳምንቱን ክፍል በሳምንቱ መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ ተቀምጠው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አምስት ጊዜ ያንብቡት። ማብራሪያ መጽሐፍና የሌላ ሰው ስብከት ከመክፈትዎ በፊት ሦስት ጥያቄ በጽሑፍ ይመልሱ፦ ይህ ክፍል እኔን የሚቃወመኝ የት ላይ ነው? የማላምነው ወይም የማልኖረው ቃል የትኛው ነው? ጉባኤው ባይሰማኝም ለእኔ ምን ይለኛል? የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ካጣ ንባቡ ገና አላለቀም።

የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ዝግጅቱ ወደ ቅዳሜ ማታ ሲገፋ ነው። በችኮላ የሚዘጋጅ ሰው ከሌሎች ስብከት ይወስዳል ወይም የድሮውን ደግሞ ያወጣል፤ ያልነካውን ቃል በተነካ ሰው ድምፅ ይናገራል። ይህ ሲደጋገም በራስ ላይ እምነት ማጣትን ያመጣል። የስብከቱ ዋና አካል ሐሙስ እንዲያልቅ ያቅዱ፤ ዓርብ ቀብር ወይም የሆስፒታል ጥሪ ቢመጣም መሠረቱ ይቀመጣል።

ከስብከት በኋላ ስላለው ጊዜ የሚነገረው ጥቂት ነው። ብዙ ሰባኪ እሑድ ከሰዓት በኋላና ሰኞ ላይ ልቡ ይወርዳል፤ ሰውነቱ ብዙ ጉልበት አውጥቷልና። በዚህ ሰዓት የሥራ መልቀቂያ አይጻፍ፣ ለትችት መልስ አይሰጥ፣ ከባለቤት ጋር ከባድ ጉዳይ አይነሣ። ቢያንስ 24 ሰዓት ይለፍ። የተቀዳውን የራስ ስብከት በዚያው ቀን ማየትና አስተያየት መቁጠርም እዚሁ ላይ ጉዳት አለው፤ ልብ ለጌታ ያቀረበውን ከሰው እጅ መልሶ መቀበል ይለምዳል።

የዕረፍት ቀን

ለመጋቢ እሑድ የሥራ ቀን ነው፤ ስለዚህ ሌላ ሙሉ ቀን ያስፈልገዋል። ከምሽት እስከ ምሽት 24 ሰዓት ቢሆን ይመረጣል፤ ምሽቱን በዕረፍት የጀመረ ሰው ጠዋት ሲነሣ ከሥራ ወጥቶ ያገኘዋል። በዚያ ቀን ዝግጅት፣ ስብሰባና ምክር የለም። ሞትና ድንገተኛ አደጋ ብቻ ይለዩ፤ ይህን የሚለይና ስልክ የሚያነሣ ሽማግሌ ወይም ዲያቆን ይሰየም፤ ቀኑም ለጉባኤው በግልጽ ይነገር። ያልተነገረ የዕረፍት ቀን አይከበርም። መጋቢው ራሱ ካፈረሰው ደግሞ ማንም አይጠብቅለትም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይከብዳሉ። ያለ ሥራ መቀመጥ የበደለኝነት ስሜት ያመጣል፤ ሰው ወዲያው የቤቱን የተጠራቀመ ጣጣ ይዞ ይነሣል። ዕረፍት ግን ድካምን መለወጥ አይደለም። እንቅልፍ፣ የእግር ጉዞ፣ ከልጆች ጋር መጫወት፣ ከአገልግሎት ጋር የማይገናኝ ሥራ በእጅ መሥራት ይበቃል።

በየሦስት ወሩ ደግሞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ብቻዎን የሚውሉበት ቀን ይያዙ። የመጀመሪያውን ሁለት ሰዓት መተኛት ይፈቀዳል፤ ብዙ ሰው የሚያስፈልገው እርሱ ነው። ይዘው የሚሄዱት መጽሐፍ ቅዱስ፣ የጠዋቱን ደብተርና ውኃ ብቻ። የዓመቱን የስብከት ዕቅድ ለማውጣት የሚሄዱበት ቀን የተለየ ነው፤ አይቀላቅሏቸው።

የሚጠይቅዎ አንድ ሰው

ብቻውን የቆመ መጋቢ ራሱን በደንብ አያይም። በወር አንድ ጊዜ ለ90 ደቂቃ የሚገናኙት ሰው ይፈልጉ። ደመወዝዎን የሚወስን፣ በሥርዎ የሚያገለግል ወይም የሚያደንቅዎ ሰው አይሁን። ከሌላ ጉባኤ የሆነ፣ በዕድሜ ወይም በእምነት የበሰለ፣ ምሥጢር የሚይዝ ሰው ይሻላል። ባለቤትዎ ብዙ ያውቃሉ፤ ሸክሙን ሁሉ እርሳቸው ላይ መጣል ግን ትዳሩን ይጎዳል።

ጥያቄዎቹ አስቀድመው ተጽፈው በእርሱ እጅ ይሁኑ፦ ባለፈው ወር ማንም ሳይሰማህ የጸለይኸው መቼ ነው? እንዳይታወቅብህ የምትጠብቀው ነገር አለ? በስልክህና በገንዘብህ ላይ ያደረግኸውን ሁሉ ባየው ታፍራለህ? በማን ላይ ቂም ይዘሃል? ቤተሰብህ ስለ አንተ ምን ይላሉ? የመጨረሻው ጥያቄ ለብዙዎች ከሁሉ ይከብዳል። ጠያቂው መልሱን ተቀብሎ ወዲያው ወደ ምክር አይሂድ፤ ዝም ብሎ ይቆይ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ይጠይቅ። ያዕቆብ 5፥16 እርስ በርስ መናዘዝንና አንዱ ለሌላው መጸለይን ያዘዘው ለሁሉም ነው፤ መጋቢው ከዚያ አልወጣም።

ግንኙነቱ የሚከሽፈው ቀስ በቀስ ወደ አገልግሎት ወሬ ሲቀየር ነው። ስለ ጉባኤው የሚወራው በመጨረሻው 20 ደቂቃ ብቻ እንዲሆን ይስማሙ።

ሸክሙን መቁጠር

ዮቶር ሙሴን ከጠዋት እስከ ማታ ሲፈርድ አይቶ «አንተ ብቻህን ልታደርገው አትችልም» አለው (ዘጸአት 18፥18)፤ የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የአሥር አለቆች እንዲሾም መከረው። ዮቶር መጀመሪያ ያደረገው ግን ቁጭ ብሎ ማየት ነበር። እርስዎም ለሁለት ሳምንት እያንዳንዱን ሰዓት ይመዝግቡ። ቀኑን ጠዋት፣ ከሰዓትና ማታ ብለው በሦስት ቢከፍሉት በሳምንት 21 ክፍል ይኖርዎታል። በአገልግሎት የተያዙት ከ13 ካለፉ የሚቀነስ አለ፤ ማታዎቹ በሳምንት ከ3 ባይበልጡ ለቤተሰብ ይበጃል።

የምክር አገልግሎት በቀን ከ3 ሰው አይብለጥ፤ እያንዳንዱም ከ60 ደቂቃ አይለፍ፤ በመካከሉ 15 ደቂቃ ይኑር። በዚያ 15 ደቂቃ ስለሄደው ሰው ይጸለያል፣ ለእግዚአብሔር ይሰጣል፣ ከዚያ በር ይከፈታል። ይህ ካልተደረገ የመጀመሪያው ሰው ኀዘን ከሦስተኛው ሰው ጋር ይቀመጣል፤ ማታም ወደ ቤት ይገባል።

መዝገቡን ይዘው ወደ ሽማግሌዎች ይቅረቡ። «ደክሞኛል» ብቻ ከተባለ ያዝናሉ፣ ይጸልያሉ፣ ነገሩም ባለበት ይቀጥላል። በአንድ ገጽ ላይ ሰዓቱ፣ መተው ያለባቸው ሦስት ሥራዎች፣ የሚረከቧቸው ሰዎችና የሚጀመርበት ቀን ተጽፎ ከቀረበ ግን የሚወሰን ነገር ይኖራል። ሐዋርያት የማዕዱን ጉዳይ ለሰባት ሰዎች ሲሰጡ ምክንያታቸውን በአደባባይ ተናግረዋል፦ «እኛ ግን ለጸሎትና ቃሉን ለማገልገል እንተጋለን» (የሐዋርያት ሥራ 6፥4)።

ድርቀት ሲመጣ

ይህ ሁሉ ተደርጎም ድርቀት ይመጣል። ትልቁ ስሕተት ሁሉንም ድርቀት በአንድ መድኃኒት ለማከም መሞከር ነው። ለሰነፍ የሚሰጥ ተግሣጽ ለደከመ ሰው ከተሰጠ ይሰብረዋል።

መጀመሪያ የሚመረመረው ሰውነት ነው። ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ ድል ካደረገ በኋላ ሞትን ለመነ (1ኛ ነገሥት 19)። መልአኩ ቀስቅሶ አበላው፣ ዳግመኛ ተኛ፣ ዳግመኛ በላ፤ «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚያና ከ40 ቀን ጉዞ በኋላ ነው። ስለዚህ ለአንድ ሳምንት በየሌሊቱ 8 ሰዓት ይተኙ፤ ምግብዎን በሰዓቱ ይብሉ። ድርቀቱ ከቀለለ ድካም ነበር።

ካልቀለለ የተሰወረ ኃጢአት መኖሩን ይዩ። ምልክቱ መሸሽ ነው፤ አንድ ዓይነት ክፍል መስበክ መተው፣ አንድ ሰው ዓይን ውስጥ ማየት አለመቻል፣ ስልክን መደበቅ። የዚህ መድኃኒት ኑዛዜ ነው፤ እንዲያውም በዚያው ሳምንት።

ሦስተኛው ሕመም ነው። የልብ መጨለም ወይም በምንም ነገር ደስ አለመሰኘት ቢያንስ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ከቆየ፣ ከእርሱም ጋር እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከተዛቡ፣ ተስፋ መቁረጥ ከበረታ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። የሞት ሐሳብ ከመጣ በዚያው ቀን ለሰው ይንገሩ፣ ወደ ሕክምናም ይሂዱ፤ ብቻዎን አይደሩ። መጋቢ መታመሙ የእምነት ጉድለት አይደለም፤ ሕክምና መውሰዱም ጸሎቱን አያቃልለውም።

አራተኛው የቀድሞ መነኮሳት በደንብ የሚያውቁት ታካችነት ነው። እ.ኤ.አ. በ399 ያረፈው የበረሃ መነኩሴ ኤቫግሪዮስ ይህ ፈተና ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት እንደሚበረታ፣ ፀሐይዋ እንደቆመችና ቀኑ 50 ሰዓት እንደሆነ እንደሚያስመስል፣ መነኩሴውን ከበዓቱ አውጥቶ ሌላ ቦታ እንደሚያስመኘው ጽፏል። መጋቢ ላይ ሲመጣ በየአምስት ደቂቃው ስልክ ያስከፍታል፣ የሌላውን ጉባኤ ያማረ ያስመስላል፣ አዲስ ፕሮጀክት ያስጀምራል። መድኃኒቱ በቦታ መቆየት ነው፤ የተጀመረውን ትንሽ ሥራ መጨረስ፣ ከዚያ ሌላ ትንሽ ሥራ። በ16ኛው መቶ ዘመን የኢየሱሳውያን (ጀስዊት) ማኅበር መሥራች ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ ልብ በደረቀበት ወቅት ቀድሞ የተወሰነውን መለወጥ እንደማይገባ አስተምሯል፤ ስለ ዝውውር፣ ስለ መልቀቅ፣ ስለ ጉባኤ መክፈል የሚደረግ ውሳኔ ሁሉ ለዚህ ደንብ ቢገዛ ብዙ ጉዳት ይቀር ነበር።

የመጨረሻው ዓይነት ምክንያት የማይገኝለት ነው። ሰውየው ተኝቷል፣ ተናዟል፣ ጤነኛ ነው፣ በቦታው አለ፤ እግዚአብሔር ግን ዝም ብሏል። እዚህ ላይ አንድ ምልክት ይለየዋል፦ ጣዕሙ ጠፍቶም ናፍቆቱ አለ። ይህን ለማስተካከል አይታገሉ። ሰዓቱን ከ45 ወደ 15 ደቂቃ ያውርዱት፣ አይተዉት፤ የራስዎ ቃል ከጠፋ አባታችን ሆይን፣ መዝሙራትን፣ የድሮ ዝማሬ ስንኝ ይዋሱ። በዕብራይስጡ አቆጣጠር 88ኛው መዝሙር እስከ መጨረሻው በጨለማ ውስጥ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ከመጀመሪያው ቁጥር ጀምሮ የሚናገረው ለእግዚአብሔር ነው። በዚህ ወቅት የሌለዎትን ስሜት በመድረክ ላይ አይፍጠሩ። ጽሑፉ የሚለውን በታማኝነት ይናገሩ፤ ቃሉ በሰባኪው ስሜት ላይ አልተመሠረተም።

የተቋረጠውን መቀጠል

ጉዞ፣ ሕመም፣ የበዓል ሰሞን ልማዱን ማቋረጡ አይቀርም። ያለፈውን ለመክፈል አይሞክሩ፤ የሁለት ሳምንት ንባብ በአንድ ቀን ለመጨረስ የሚነሣ ሰው ብዙ ጊዜ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ያቆማል። ከዕለቱ ቀን መዝሙር ይጀምሩ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት በ15 ደቂቃ ብቻ ይሂዱ፣ በሁለተኛው ሳምንት ወደ 30 ከፍ ያድርጉ፣ በሦስተኛው ወደ 45 ይመለሱ። ስልኩ ግን ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምሮ በሌላ ክፍል ይደር። መቋረጡንም በወር ለሚያገኙት ሰው በዚያው ሳምንት ደውለው ይንገሩት፤ ቀጠሮው እስኪደርስ አይጠብቁ።